ብቻን ሆኖ የዒላማ ተኩስን ማሻሻል፦ የልምምድ አጋዥ ዕቃዎች አጠቃቀም መመሪያ

አንድ ጥይት ዒላማውን መምታት አለመምታቱ የሚወሰነው ቃታው ተስቦ በሚለቅበት እጅግ አጭር ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ግን ለተኳሹ ለራሱ አይታየውም፤ ፍንዳታውና መሣሪያው ወደ ኋላ የሚመታው ምት እጁ የሠራውን ስሕተት ወዲያው ይሸፍኑበታል። የሚቀርለት ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ቀዳዳው ደግሞ ስሕተት መኖሩን እንጂ ስሕተቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። አጋዥ ዕቃዎች የሚጠቅሙት ይህን የተሸፈነ ቅጽበት ገልጠው እስካሳዩ ድረስ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ቃታው ሲለቅ ማነጣጠሪያው የት እንደነበር ይነግረኛል? የማይነግር ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ መጫወቻ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ለያዘ፣ አያያዙንና አፈታቱን ከአሠልጣኝ ለተማረና አሁን ብቻውን መሻሻል ለሚፈልግ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት የሚተካ አጋዥ ዕቃ የለም።

ክፍሉንና መሣሪያውን ማዘጋጀት

ያለ ጥይት በሚደረግ ልምምድ አደጋ የሚመጣው «መሣሪያው ባዶ ነው» ከሚለው እምነት ነው። በመሆኑም ልምምዱ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ አንድ ፍሬ ጥይት እንኳ መገኘት የለበትም። ጥይቶቹን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ይቆልፉባቸው፤ የተሞሉ ካዝናዎችን ጭምር ያውጡ፤ ኪስዎንና የመሣሪያውን መያዣ ቦርሳም ይፈትሹ። ከዚያ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አዙረው ካዝናውን ያውጡ፣ መሣሪያውን ያቀባብሉና ክፍት አድርገው ይያዙት፤ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በዓይን ከማየት አልፈው በትንሿ ጣትዎ ዳስሰው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ የተቀባበለ መሣሪያ የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ ሌላ ይጎርሳልና።

ዒላማው የሚለጠፍበት ግድግዳ ድንገት ጥይት ቢወጣ ማስቆም የሚችልና ከበስተጀርባው ሰው የማይኖርበት መሆን አለበት። ስስ የጂፕሰም ወይም የጣውላ ግድግዳ ለዚህ አይሆንም። በልምምዱ መካከል ስልክ አንሥተው ከተነጋገሩ ወይም ከክፍሉ ወጥተው ከተመለሱ ፍተሻውን ከመጀመሪያው ይድገሙት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የልምምዱ መጨረሻ ነው። ዒላማውን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ «ልምምዱ አልቋል» ብለው ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩ፣ መሣሪያውን በቦታው ቆልፈው ያስቀምጡ። ድምፅ አውጥቶ መናገሩ ለአንዳንዱ የልጅ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥይት ከተመለሰ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የሚል ስሜት ግድግዳ ያስበሳል፣ ከዚያም የከፋ ያደርሳል። ዒላማው ከተነቀለ የሚታለምበት ነገር ስለማይኖር ስሜቱም ይቆረጣል።

መሣሪያው ያለ ጥይት ቃታ መሳብ ይችል እንደሆነ ማወቅ

ሁሉም መሣሪያ ባዶውን ሲተኮስ አይጎዳም ማለት አይቻልም። ባለ 22 ካሊበር የሆኑትና ጥይታቸው በጠርዙ ተመትቶ የሚቀጣጠል መሣሪያዎች ባዶአቸውን ሲተኮሱ፣ ቃታው ሲለቅ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የጥይቱን ጠርዝ ሲያጣ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል ከንፈር ሊመታ ይችላል፤ በተደጋጋሚ ሲሆን መርፌውም ከንፈሩም ይበላሻሉ። በማዕከላቸው ተመትተው የሚቀጣጠሉ ጥይቶችን የሚተኩሱ ዘመናዊ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህን ይችላሉ፤ ያም ሆኖ የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። በጥምዝ ሽቦ ኃይል የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ደግሞ ፈጽሞ ባዶውን መተኮስ የለበትም፤ ፊቱ ጥይት ተቀምጦ አየሩን ስለማያግድለት ፒስተኑ ከጫፍ ጋር በኃይል ይላተማል። በታመቀ አየር የሚሠሩት የውድድር ጠመንጃዎችና ሽጉጦች ግን ብዙዎቹ አየር ሳያባክኑ ቃታ ብቻ የሚያስለምድ ማዞሪያ አላቸው።

መርፌውን ለመጠበቅ የተሠራው ዕቃ የማስመሰያ ጥይት ነው። መጠኑና ቅርጹ ከእውነተኛው ጋር አንድ ሲሆን ባሩድም ሆነ ተቀጣጣይ ነገር የለውም፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታም በላስቲክ ወይም በሞላ የተደገፈ ነው። ሲገዙ በርቀት የሚለይ ደማቅ ቀለም ያለውን ይምረጡ፤ ከእውነተኛ ጥይት ባሩድ አውጥቶ በቤት የተሠራ ማስመሰያ ግን አይጠቀሙ። መልኩ ከእውነተኛው ስለማይለይ አንድ ቀን መቀላቀሉ አይቀርም።

በባዶ ግድግዳ መጀመር

ከአጋዥ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ምንም ያልተለጠፈበት ነጭ ግድግዳ ነው፤ በእኔ ግምት ከብዙዎቹም ይበልጣል። ዒላማ በሌለበት ዓይን የሚሄድበት ስለሚያጣ በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ያርፋል። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ፤ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ በኋለኛው ክፍተት መካከል እኩል ብርሃን በግራና በቀኝ እየታየ ጫፎቻቸው በአንድ መሥመር እንዲሆኑ ያስተካክሉ፤ ከዚያ የጣትዎን ሥጋማ ክፍል በቃታው ላይ አሳርፈው ግፊቱን ያለማቋረጥ ይጨምሩ። ቃታው ቀጭ ሲል የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ጫፍ ይከታተሉ። ጀማሪ ከሆኑና ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ጫፉ ወደ ታችና ወደ ግራ ፈጠን ብሎ ሲወርድ ማየትዎ አይቀርም። ፍንዳታው ሲሸፍነው የኖረው ስሕተት ያ ነው።

ይህ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል 160 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ሽጉጥ ላይ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ 62.5 ሚሊ ሜትር ይስታል፤ 1 ለ160 ሲካፈልና በ10,000 ሲባዛ የሚገኘው ይኸው ነው። በአንጻሩ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ሳይዛነፉ መላው እጅ በ5 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ፣ ጥይቱ የሚስተው ያንኑ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የማንም እጅ ፍጹም አይረጋም፤ ስለዚህ የእጅን መወዛወዝ ለማቆም የሚታገል ተኳሽ ትልቁን ስሕተት ትቶ ትንሹን ያሳድዳል። ሲታገልም ማነጣጠሪያው ቦታው ላይ የደረሰ በመሰለው ቅጽበት ቃታውን ነጥቆ ይስባል። ሊታገሡት የሚገባው መወዛወዙን ሲሆን፣ ሊታገሡት የማይገባው ደግሞ የማነጣጠሪያዎቹን መዛነፍ ነው።

ከ20 እስከ 30 ጊዜ ቃታ መሳብ ለአንድ ልምምድ ይበቃል። እያንዳንዱን ሲጨርሱ ማነጣጠሪያውን እንደያዙ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይቆዩና ከዚያ መሣሪያውን ያውርዱ። ትንፋሽዎን ካወጡ በኋላ በሚመጣው ተፈጥሯዊ ፋታ ላይ ይሳቡ፤ ከ8 ሰከንድ ገደማ በኋላ ዓይን ስለሚደክምና እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ያላለቀውን ትተው እንደገና ይጀምሩ። ትቶ መጀመርን መልመድ በራሱ የልምምዱ ክፍል ነው።

ሳንቲምና ባዶ ቀለህ

ግድግዳው ላይ የሚያዩትን ማመን ካቃተዎት ምስክር ያቁሙ። በሽጉጥ ላይ፣ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ በስተኋላ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ሳንቲም ያስቀምጡ፤ በጠመንጃ ደግሞ በአፈሙዙ አቅራቢያ ባዶ ቀለህ ያቁሙ። ቃታው ሲለቅ ዕቃው ካልወደቀ ጣትዎ ከቀረው እጅዎ ተለይቶ ሠርቷል ማለት ነው። ዕቃውን ሲያስቀምጡ እጅዎን በአፈሙዙ ፊት አያሳልፉ፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው እንኳ ቢሆን ከጎን ወይም ከላይ ያምጡት። ይህ አጋዥ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ሳንቲሙ እንዳይወድቅ የሚጨነቅ ሰው ዓይኑ ከማነጣጠሪያው ወደ ሳንቲሙ ይሸሻል። በተከታታይ ዐሥር ጊዜ ሳይወድቅ ከቆየ ያንሡትና ወደ ግድግዳው ይመለሱ።

ያነሰ ዒላማ

ሰፊ ቦታ የሌለው ሰው የእውነተኛውን ዒላማ መጠን በርቀቱ ልክ ቀንሶ ማተም ይችላል። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ላይ የዐሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁሩ ክፍል ደግሞ 59.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ5 ሜትር ለመለማመድ ሁለቱንም በግማሽ ይቀንሱ። ርቀቱ የሚለካው ከሚቆሙበት መሥመር ነው። ከፍታውን ብዙዎች ይዘነጉታል። በውድድር የዒላማው ማዕከል ከወለሉ 1.40 ሜትር ላይ ይሆናል፤ የቆመ ሰው ዓይን ከዚያ ከፍ ስለሚል እጁ ጥቂት ወደ ታች ያዘነብላል። ርቀቱን በግማሽ ቀንሰው ከፍታውን 1.40 ሜትር ላይ ከተዉት ማዘንበሉ እጥፍ ይሆንና ትከሻዎ የተሳሳተ ቦታ ይለምዳል። ስለዚህ በ5 ሜትር ላይ ማዕከሉን በዓይንዎ ከፍታና በ1.40 ሜትር መካከል ያድርጉት።

በዚሁ ዒላማ የአቋቋምዎን አቅጣጫ ይፈትሹ። አልመው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይግለጡ። ማነጣጠሪያው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሄዶ ካገኙት በክንድዎ አይመልሱት፤ እግርዎን አንቀሳቅሰው መላ ሰውነትዎን ያዙሩ። በክንድ የተመለሰ መሣሪያ ቃታው ሲለቅ ወደነበረበት ይመለሳል።

የሌዘር አጋዦች

ሌዘር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ገብቶ መርፌው ሲመታው ለቅጽበት የሚበራ ነው፤ ሁለተኛው ራሱን የቻለ የልምምድ ሽጉጥ ነው። ዕቃው መናኛ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው፣ ተኩስን ጨምሮ አምስት ስፖርቶችን ባቀፈው የዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር ከ2012 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ኦሎምፒክ ጀምሮ ተወዳዳሪዎች የሚተኩሱት በሌዘር ሽጉጥ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ነጥቧ ግድግዳው ላይ ስትበራ ለማየት መጓጓት ዓይንን ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ያነሣዋል፤ በየቀኑ በሌዘር የሚለማመድና በተኩስ ሜዳ ግን እየባሰበት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ነጥቧን በዓይን አለመፈለግ ነው። ነጥቧ ያረፈችበትን የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ካለዎት ስልኩን በማቆሚያ ላይ ወደ ዒላማው አዙረው ያቁሙት፤ ከዚያ አምስት ጊዜ ተኩሰው፣ እያንዳንዱ የት እንዳረፈ መጀመሪያ ከአእምሮዎ በወረቀት ላይ ምልክት አድርገው፣ በመጨረሻ ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ።

ሌዘሩ የምትበራዋን ነጥብ በትንሽ ሠረዝ መልክ የሚያሳይ ከሆነ ሠረዙ ራሱ ትምህርት ነው። ክብ ነጥብ ማለት መሣሪያው ረግቶ ነበር ማለት ሲሆን፣ የተጎተተ ሠረዝ ደግሞ እጅ በዚያ ቅጽበት ወዴት እንደሄደ ይጠቁማል። የነጥቧ ቦታ በአጭር ርቀት ካለሙት ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ብርሃኑ የሚወጣው ከማነጣጠሪያው በታች ካለው ከአፈሙዙ ነው። የሌዘሩን ጨረር ወደ ሰው ወይም ወደ እንስሳ ዓይን፣ ወደ መስተዋትና ወደ መስኮት አያዙሩ። ልምምዱ ሲያበቃም የሌዘር ጥይቱን ከመሣሪያው ማውጣትዎን ያረጋግጡ፤ ተረስቶ የቀረ ዕቃ በኋላ እውነተኛ ጥይት ሲተኮስ የመሣሪያውን አፈሙዝ ሊያፈነዳ ይችላል።

ራሱን የቻለ የልምምድ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የቃታውን ክብደት ይመልከት። በውድድር ሕግ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ቃታ ቢያንስ 500 ግራም፣ የ25 ሜትር ሽጉጥ ደግሞ ቢያንስ 1,000 ግራም መሸከም አለበት፤ ግማሽ ክብደት ባለው ቃታ የሠለጠነ ጣት ዋናው መሣሪያ ላይ ሲደርስ እንግዳ ይሆናል።

ስልክን እንደ አሠልጣኝ መጠቀም

ብቻውን የሚለማመድ ሰው የሚያጣው ከጎኑ ቆሞ የሚያየውን ዓይን ነው። የስልክ ካሜራ በቀስታ ቀረጻ፣ በሰከንድ 120 ወይም 240 ምስል ሲቀርጽ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። ስልኩን ምንጊዜም ከጎን፣ ከአፈሙዙ በስተኋላ ያቁሙት፤ ፊት ለፊት በፍጹም አያስቀምጡት። መጀመሪያ የቃታ ጣትዎን ብቻ አቅርበው ይቅረጹ፤ ጣቱ ሲሳብ ቀሪዎቹ ሦስት ጣቶች አብረው ይጨብጣሉ? ቀጥለው በተኩስ ሜዳ እውነተኛ ጥይት ሲተኩሱ ፊትዎን ከጎን ይቅረጹ። የዓይን ሽፋሽፍት ከፍንዳታው በፊት ከተከደነ፣ ተኳሹ ጥይቱ ሲወጣ ማነጣጠሪያውን አላየውም ማለት ነው፤ ያላየውን ደግሞ ማረም አይችልም።

የአየር መሣሪያ

ቦታና ሕግ የሚፈቅዱለት ሰው 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ቢይዝ ከሌዘር የተሻለ ይማራል። ምክንያቱም ጥይቱ ዝግተኛ ነው፤ የውድድር አየር መሣሪያዎች ጥይት በአብዛኛው በሰከንድ ከ200 ሜትር በታች ስለሚጓዝ አፈሙዙን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ ይረዝማል። ቃታው እንደለቀቀ እጁን የሚያወርድ ሰው በባሩድ መሣሪያ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ እዚህ ግን ወዲያው ይቀጣል። የአየር መሣሪያ ዓይን ያጠፋልና መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ከዒላማው በስተኋላም ጥይቱን ይዞ የሚያስቀር የብረት ሣጥን ያኑሩ።

የፍጥነቱን ልክ ከውድድሩ መውሰድ ይቻላል። 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ለአንዱ ተኩስ በአማካይ 75 ሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው። ቤት ውስጥ በ10 ደቂቃ 60 ጊዜ የሚተኩስ ሰው የሚለማመደው ችኮላን ነው።

በተኩስ ሜዳ፦ የማስመሰያ ጥይትን ከእውነተኛው ጋር ማፈራረቅ

መበርገግ ያለ ጥይት አይጋለጥም፤ የሚመጣው ፍንዳታውን በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል በሕጋዊ የተኩስ ሜዳ ብቻ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ ተደርጎ የሚከናወን ነው። ሦስት ወይም አራት ካዝናዎች ይሙሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የማስመሰያ ጥይት በተለያየ ተራ ያስገቡ፤ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋዎት ካዝናዎቹን ያዘዋውሩ። እንደተለመደው ይተኩሱ። ማስመሰያው ላይ ሲደርሱና ፍንዳታ ሲጠፋ፣ አፈሙዙ ፍንዳታውን ለመቋቋም ወደ ታች ሲጠልቅ በዓይንዎ ያዩታል፤ ብዙ ተኳሾች ይህን እስኪያዩ ድረስ እንደሚበረግጉ አያምኑም።

ብቻዎን ስለሆኑ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ቃታ ስበው ፍንዳታ ሲቀር፣ የቀረው በማስመሰያው ምክንያት ይሁን ዘግይቶ በሚቀጣጠል እውነተኛ ጥይት ወዲያው መለየት አይቻልም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አቀባብለው የወጣውን ይመልከቱ። ድምፁ ከወትሮው የደከመ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይቀጥሉ፤ መሣሪያውን ባዶ አድርገው አፈሙዙ ውስጥ የተቀረቀረ እርሳስ አለመኖሩን ያረጋግጡ። አፈሙዙ ጠልቆ ካዩ ወዲያው ወደ ባዶ ልምምድ ይመለሱ፤ አምስት ጊዜ ያለ ጥይት ስበው ቀጣዩን ካዝና ይጀምሩ።

መተንበይና መመዝገብ

ሁለት የዒላማ ወረቀቶች ይያዙ፤ አንዱ ይተኮስበታል፣ ሌላው አጠገብዎ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ተኩስ እንዳበቁ፣ ወደ ዒላማው ከማየትዎ በፊት፣ ቃታው ሲለቅ ማነጣጠሪያው የነበረበትን ቦታ በአጠገብዎ ባለው ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጡ። ዐሥር ተኩስ ሲሞላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያድርጉ። ነጥቦችዎና ቀዳዳዎቹ ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ውጤቱ ደካማ ቢሆን እንኳ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት፤ ስሕተትዎን ያያሉ ማለት ነውና። የማይመሳሰሉ ከሆነ ዓይንዎ ቅጽበቱን እያመለጠው ስለሆነ ወደ ባዶው ግድግዳ ይመለሱ።

በክብ ተከፋፍሎ «እዚህ ከመታህ ስሕተትህ ይህ ነው» የሚለውን የተለመደ ሠንጠረዥ በዚህ ምትክ መጠቀም አያዋጣም። የተዘጋጀው ሽጉጥን በአንድ እጅ ለሚይዝ ቀኝ እጅ ተኳሽ ነው፤ በሁለት እጅ ለሚይዝ ሰው፣ ግራኝ ለሆነና ለጠመንጃ ተኳሽ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ተኳሹ ስሕተቱን ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዲገምት ያደርገዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ነጥቦችዎ መሐል ላይ ተሰብስበው ቀዳዳዎቹም በአንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ ነገር ግን ያ ቦታ ከመሐል የራቀ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የማነጣጠሪያው አቀማመጥ ነው። ይህን በሌላ ቀን ደግመው ካረጋገጡ በኋላ የኋለኛውን ማነጣጠሪያ ቀዳዳዎቹ እንዲሄዱ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ፤ የሚስተካከለው የፊተኛው ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይለውጡ፤ አምስት ጥይት ተኩሰው ያዩትን ለውጥ በሚሊ ሜትር ለክተው ከጻፉ በኋላ ቀጣዩን ማስተካከያ ያድርጉ።